ፈረንጆቹ ያላለቀሱለት ልጅ

የከዋክብት መርከቧን ተከታታይ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ያለ ድምፅ ነው። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ሸቀጥ ላመጣ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ካረፍሁበት አልቤርጎ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት ነበር። ቡና ቤት ይባል እንጂ የሚሸጠው ቢራ ነው፤ እኔ ደግሞ እስላም ነኝ፣ የወረታ ሰው በየት ዞሮ እንደሚያየኝ አይታወቅም። ስለዚህ ደጅ ቆሜ በመስታወቱ አየሁ። በሄድሁ ቁጥር እዚያው እቆማለሁ። ፊልሙ ዓመታት ቆየ፤ እኔም አብሬው ቆምሁ።

ወረታ ስመለስ ያየሁትን ሱቄ ውስጥ እተርካለሁ። ቴሌቪዥን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ደንበኛ ሳሙናውን ይዞ መውጣት ያቅተዋል፤ ቆም ካለ ደግሞ ላምባም ማለቁ ትዝ ይለዋል። ትረካው አላከሰረኝም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ላየኋቸው ሰዎች ንግግር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚወደደው መፍቻ ከእጁ የማይለይ አንድ ወጣት ነበር፤ መርከቧ በተበላሸች ቁጥር የሚጠግናት እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነበረ፣ ከዚያ ጠፋ። ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ግማሹን ግን አንድ የጠጪ ሰፊ ጀርባ ጋረደብኝ። ጀርባው ዞር ሲል ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል፣ አዛዡ ወረቀት ያነባል፣ ረጅም ሳጥን በበር በኩል ወደ ጨለማው ተገፋ። ማንም አላለቀሰም። ደረቱን የደቃ፣ ፊቱን የነጨ የለም። ጭራሽ ብርጭቆ አነሡ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ተሰልፎ፣ ወረቀት ተነቦ፣ ሳጥን ሲወጣ ካየሁ ርክክብ ነው እላለሁ። ልጁ ሹመት አግኝቶ ከነስንቁ ተላከ ብዬ ተረክሁ።

«በሳጥን ሰው ይላካል ወይ?» አለኝ አንዱ።

«ፈረንጅ ነው፣ ይችልበታል» አልሁት።

ከአድማጮቼ አንዱ ከቁሐር ሚካኤል የሚመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በዱላቸው አንጠልጥለው ይደርሳሉ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። በኋላ እግሩን ያጣ አንድ ወታደር ወደ ቀበሌያቸው ተመልሶ «ሲወድቅ አይቼዋለሁ» አለ። ሚስታቸው ለቅሶ ሊቀመጡ፣ ዘመድም ዳስ ሊጥል ተነሣ። እርሳቸው ከለከሉ። መውደቅ ሌላ መሞት ሌላ ነው አሉ። እንዲህ እንዳለ ሁለት ዓመት ሞላው።

በገበያ ቀን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ያ መፍቻ የያዘው ልጅ ተመለሰ?»

«መንገድ ላይ ነው፣ አባቴ።»

አንድ ቀን ፊታቸውን አየሁና «ተመለሰ» አልኋቸው። ማን እንደተቀበለው፣ ምን እንደበላ ሳይቀር ነገርኋቸው። አላየሁም። ጨው ስሰፍር ከላይ ጭብጥ ጣል እንደማደርገው ነበር፤ እጄን አልከበደኝም። እርሳቸውም ይህንኑ ሚስታቸው ዘንድ ወስደው፣ የእኛም ይመለሳል ብለው ነገሩ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ የጎረቤታችን ልጅ ከጂዳ ቴሌቪዥን፣ ቪዲዮ ማጫወቻና አንድ ሻንጣ ካሴት ይዛ ተመለሰች። መርከቧን ከካሴቱ ሽፋን ላይ አወቅኋት። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ናቸው፣ ከሥር ዐረብኛ ተጽፎባቸዋል፣ ልጅቱ ታነባለች። ወሬውን በከተማው የነዛሁት ራሴ ነኝ። እሑድ ከሰዓት ጀኔሬተር ተከራይቼ ግቢዋን በሰው ሞላሁት፤ አዛውንቱን ከፊት አስቀመጥኋቸው። የተረክሁት ሁሉ እውነት መሆኑን አገር ይይልኝ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ድንጋጤ ቀላል ነበር። ቀለም በሌለው ቴሌቪዥን አይቼ ነጭ ነው ያልሁት ልብሳቸው ቢጫ ሆኖ ተገኘ። የመርከቧ ግድግዳ በተደገፉት ቁጥር ይወዛወዛል። መርከቧን ሊውጥ ነው እያልሁ ስተርከው የኖርሁት አውሬ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው።

«ጋሼ፣ የጣራ ገዳምን ተራራ ያህላል ያሉን ይሄ ነው?» አለች ልጅቱ። «ከበግ አይበልጥም እኮ።»

«ያኔ ትልቅ ነበር» አልኋት።

ሰው ሳቀ። ልጅቱ ማንበቧን ቀጠለች፤ እኔ ማላብ ጀመርሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ፍቅሩን ይገልጽላታል ብዬ የተረክሁት ሰውዬ ለካ ነዳጅ አልቋል እያላት ነው።

መፍቻ የያዘው ልጅ ብቅ ሲል አዛውንቱ ወገባቸውን አቀኑ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው፣ አባቴ።»

ልጁ የመርከቧን ጎን ሊጠግን ወደ ውጭ ወጣ። እሳት ብልጭ አለ። ጎትተው አስገቡት፤ ደረቱ አይነሣም። ያ ሰፊ ጀርባ የጋረደብኝ ይህንን ነበር። ወደ ልጅቱ ጆሮ ጠጋ ብዬ «አጥፊው፤ ጀኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ በይ» አልኋት።

«አሁን እኮ ሞሉት፣ ጋሼ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማት።

ሰዎቹ ተሰለፉ። አዛዡ ወረቀቱን ዘረጋ። ከሥር ከተጻፈው ዐረብኛ ቁርአን ቤት የተማርኋት አንዲት ቃል ስታልፍ አየኋት፤ ልጅቱ ሳታነበው ገባኝ።

«ወንድማችን ሞቷል፣ ሥጋውን ለሰማይ እንሰጣለን ይላል» አለች።

አዛውንቱ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ መስኮት አልነቀሉም።

«ሳጥኑ የሬሳ ነው?»

«ይመስላል፣ አባቴ።»

«ተመለሰ ብለኸኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ። አላየሁም፤ ከራሴ ነው ያወራሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን የሚያዩት የተሰለፉትን ሰዎች ነው፤ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው የቆሙትን።

«ይህን ያህል ሰው ቆሞ» አሉ፣ «አንድ የሚያለቅስለት የለውም?»

ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡት። ደረታቸውን መቱ። መጀመሪያ የጠሩት ያንን የፈረንጅ ልጅ ነበር፣ ስሙን ስለማያውቁ «አንተ የሰው ልጅ» እያሉ። ሁለተኛ ሲጠሩ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከኋላ የነበሩት ሴቶች እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ጩኸቱን ተቀበሏቸው። ማጫወቻውን የሚያጠፋ ሰው ጠፋ፤ በመስኮቱ ውስጥ ፈረንጆቹ ብርጭቆ ያነሣሉ፣ በግቢው ውስጥ ወረታ ደረቱን ይደቃል። ዕቃዬ በጎርፍ ሲወሰድ፣ ሽፍታ ደጀን መንገድ ላይ ጠመንጃ ሲደቅንብኝ ደንግጫለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። እንደተቀመጥሁ ቀረሁ።

ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ። ዳሱ ተጥሎ ነበር። ሚስታቸው ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ ይመለሳል ያልኸው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ሳላለቅሰው አስቀረኸኝ።»

ዙሪያውን አየሁ፤ ባላቸው አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው፣ የሚያግዘኝ የለም።

«በል ተቀመጥና አልቅሰው» አሉኝ ሴትዮዋ።

ዳሱ ውስጥ የተነጠፈው እርጥብ ገለባ ላይ ተቀመጥሁ። እንዳለቅሰው ልጁን አላውቀውም፤ ሱቄ ገብቶ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

«ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከዐይናቸው ገለጥ አደረጉ።

«ውሃ አይፈራም» አሉ። «ሜዳው በሞላ ጊዜ የበሬውን ጅራት ይዞ ይሻገር ነበር፣ እየሳቀ። እኔ ማዶ ቆሜ እጮህበታለሁ።»