ሚዮሲስ በአራት ክር ጨሌ

የበደለኝ አቶ ታፈሰ ነው። በነገሌ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጊዜው በደርግ ዘመን፣ ነገሌ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ነው። የበደለኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱን በቦታው እጽፈዋለሁ።

ነገሌን አልመረጥኩትም፤ ዲፕሎማዬን ይዤ ዕጣ ሳነሳ ደረሰኝ። ከወደራ ከተማ በኋላ ያለውን መንገድ የተጓዝኩት በጭነት መኪና ነው። ፀጉሬ በአቧራ ቀልቶ እንደ ቆመ ቢሮ ገባሁ። ታፈሰ አንድ ፓኮ ጠመኔና የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጠኝ። ቤተ ሙከራው ሦስት ጠረጴዛና አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው።

«ጓድ መምህርት፣ ማይክሮስኮፑ ሌንስ የለውም፤ እንዳትደክሚ» አለኝ።

«ሌንሱ የት ሄደ?»

«ካንቺ በፊት የነበረው አስተማሪ ይዞት ተዛወረ። አንቺም ስትሄጂ የቀረውን ትወስጃለሽ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የተከራየሁት ከጉራጌ ነጋዴዎች ግቢ አንዲት ክፍል ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ግን የራሳቸው ቤተሰብ ነበራቸው። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት የገዛ ድምፄን ሳልሰማ የምቆይበት ጊዜ ነበር። ለምን እንዳላገባሁ እዚህ አልጽፍም። አስተማሪዎቹ ግን «ያልወለደችው ስለ መውለድ ታስተምራለች» ይሉ ነበር፤ እንድሰማም ይሉት ነበር።

ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሚዮሲስን፣ ማለትም የዘር ሕዋሶች የሚከፈሉበትን መንገድ፣ ሳስተምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሸፉብኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪዎቼ የሚያስቡት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በመካከል በአማርኛ እናገራለሁ። በሦስተኛው ዓመት መጽሐፉን አጥፌ ስለ ከብት ጀመርኩ።

«የላም አካል እያንዳንዱ ሕዋስ ስድሳ ክሮሞዞም አለው። ሠላሳው ከእናቷ፣ ሠላሳው ከአባቷ የመጣ ነው። እሷ ግን ስትወልድ ሠላሳ ብቻ ትሰጣለች፤ ኮርማውም ሠላሳ።»

ጉዮ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አባት ለልጁ ሲሰጥ ምን ያስቆነጥረዋል? ሙሉውን አይሰጥም?»

«ሁለቱም ሙሉውን ቢሰጡ ጥጃዋ ስንት ይኖራታል?»

«መቶ ሃያ።»

«የጥጃዋ ጥጃስ?»

መደመር ጀምሮ ተወውና «እሷማ ላም አይደለችም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሚዮሲስ ለምን እንደሚያስፈልግ ግማሹ በዚያ ተመለሰ። የዘር ሕዋሶች ቁጥሩን በግማሽ ካልቀነሱት፣ ሁለቱ ሲገናኙ የዝርያው ቁጥር ተጠብቆ አይቆይም።

ሌላውን ግማሽ የጠየቀችው ሎኮ ናት፤ ከሊበን ገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጅ። «ቲቸር፣ እኛ ሰባት ነን። አባት አንድ፣ እናት አንድ። ለምን አንዳችን ሌላውን አንመስልም?»

በሰሌዳ ላይ ሣልኩላት፤ አልገባትም። ቅዳሜና እሑድን ገጠር ደርሳ ሰኞ ሎኮ ከእናቷ ተውሳ ሁለት ክር ቀይና ሁለት ክር ነጭ ጨሌ አመጣች። «በዚህ አሳዪኝ» አለች። እኔ ባደግኩበት አገር ጨሌ ለውቃቢ የሚቀመጥ ነገር ነው። ስቀበላት በሁለት ጣቴ ብቻ ያዝኩት። እዚያ ግን ሴቶች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ጌጥ ነው።

አንድ ቀይና አንድ ነጭ አጋደምኩ፤ ከእናትና ከአባት የመጡ ጥንዶች። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ይባዛል፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ነጭ ሆኑ። ጎን ለጎን ሲተኙ ቁራሽ ይለዋወጣሉ። የአንዱን ቀይና የአንዱን ነጭ ጫፍ ፈትቼ አቀያየርኩና መልሼ ቋጠርኩ። በመጀመሪያው ክፍፍል ጥንዶቹ ተለያዩ፤ ቀዮቹ ወዲህ፣ ነጮቹ ወዲያ። በሁለተኛው የተባዙት ተለያዩ። አራት ተማሪዎች አራት ክር ያዙ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጫፉ የነጣ ቀይ፣ አንዱ ጫፉ የቀላ ነጭ።

«ይህ አንድ ጥንድ ነው» አልኳቸው። «ሰው ሃያ ሦስት ጥንድ አለው። ከየጥንዱ የትኛው ወደ የት እንደሚሄድ ዕጣ ነው።»

ሎኮ ክሮቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «እንግዲያው እናቴ ሰባት ጊዜ ዕጣ አወጣች» አለች።

ታፈሰ የሌላውን ክፍል ያስተምር ነበር። ሁለተኛው ክፍፍል ለምን እንዳስፈለገ ስላልገባው፣ በዚያው ጨሌ ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። በሦስተኛው ጊዜ «አሁን ገና ገባኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።

በዚያ ዓመት ለክረምት የዲግሪ ትምህርት አንድ ቦታ መጣ። ዳይሬክተሩ የእኔን ስም ጻፈ። ከነገሌ መውጫዬ እሱ ብቻ ነበር።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ቢሮ ተጠራሁ። ዳይሬክተሩ፣ ታፈሰና ከደጋ የመጣ አንድ ካድሬ ተቀምጠዋል። ጨሌው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሎኮ እናት የፀጉር ቅቤ ሽታ አልለቀቀውም።

«ጓድ መምህርት፣ ይህን ክፍል ውስጥ የምታስቀምጪው ለማን ነው? ለውቃቢ ነው ለዛር?» አለ ካድሬው።

«ክሮሞዞም ነው» አልኩ።

ሳቁ። ሲስቁ «አቶ ታፈሰን ጠይቁት፣ አስረድቼዋለሁ» አልኩ።

ታፈሰ መስኮቱን አየ። «እኔ በመጽሐፉ ብቻ ነው የማስተምረው» አለ።

ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው። ስሜ ተሰረዘ፤ የእሱ ተጻፈ። ጨሌው ካቢኔ ውስጥ ተቆለፈ።

ከዚያ በኋላ በአስተማሪዎች ክፍል አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ግቢዬ ውስጥ ያሉ ሴቶች ልጆቻቸውን ከደጃፌ ይጠሩ ጀመር። በገበያ ቀን የሎኮ እናት ጨሌዋን ፍለጋ ትምህርት ቤት መጣች። ትምህርት ቤቱ ቆልፎበታል አልኳት።

«ጨሌ ምን ሰረቀ?» አለችኝ።

እንደሌሎቹ ግን አልሸሸችኝም፤ ቆማ እጄን ይዛ «ናጋ»፣ ሰላም፣ ብላኝ ሄደች። በዚያ ወር የሰው እጅ የነካኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ታፈሰ በየክረምቱ እየሄደ ዲግሪውን ጨረሰ፤ ዳይሬክተርም ሆነ። የአስተማሪ እጥረት ስለነበረ አንድ ክፍል ባዮሎጂ ማስተማሩን አልተወም። አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝ። ከአካባቢ ቁሳቁስ የተሠሩ የትምህርት መርጃዎችን የሚመለከት ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው።

«ያንን የጨሌ ነገር እንደገና ብታሳዪኝ። ለክፍሌ ላቀርበው ነው» አለ።

«ጨሌውን አምጣው» አልኩት።

ካቢኔውን ከፍቶ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እሺ፣ ከየት ነበር የሚጀመረው?»

«እኔ በመጽሐፉ ብቻ ነው የማስተምረው» አልኩትና ወጣሁ።

ከሥራዬ የተማርኩት፣ ያስተማርኩት ሰው ሁሉ ምስክሬ እንደማይሆን ነው።

ቅዳሜ ወደ ሊበን በእግሬ ሄድኩ። ሎኮ ያኔ ሞያሌ ሥራ ይዛ ነበር። እናቷ ክሮቹን አንድ በአንድ አየች።

«እናቴ፣ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ልፍታና እንደ ቀድሞው ላድርግልዎት» አልኳት።

«ተዪው። ሎኮ ነግራኛለች» አለችና ጫፉ የነጣውን ቀይ አንገቷ ላይ አደረገች። «ይህ የሎኮ ዕጣ ነው።»

ሰኞ ለራሴ ክፍል ሚዮሲስን በቀይና በነጭ የሹራብ ክር አስተማርኩ። የታፈሰን ክፍል አላስተማርኩለትም።