ታከለ ዳግም ሞተር የነዳበት በጋ

ከብቸና በታች ካለችው ቀያችን የወጣነው ማታ ነው፤ ውሻችን ተከትሎን እንዳይጮህ እንጀራ ጥዬለት፣ እሱ ሲበላ እኛ በጓሮ። አመሻሽ ላይ የባሌ የታከለ አጎት መጥተው ነበር። ከደጅ እንደ ቆሙ፣ «የቀዬው ሰዎች ነገ ጎጆህን ሊያቃጥሉ ተማምለዋል። እኔም አብሬ ምያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሂድ» አሉት። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ።

የታከለ ጥፋት አንዲት ናት። ከጠላት በፊት አዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ሞተር አዋቂ ሆኖ ነበርና፣ የጣሊያን ካሚዮን በእኛ አገር መንገድ ላይ ሲቆምባቸው ጠመንጃ ደግነው አስጠገኑት። ካሚዮኑ ተነሥቶ ሄደ፤ «ባንዳ» የሚለው ስም ግን እኛ ደጅ ላይ ቀረ።

አሁን እኒያው አጎት፣ «ጠላት ወጥቷል፣ አገር ሰላም ነው፣ ነይና የታከለን ተዝካር እናውጣ፤ እህሉ ተሰናድቷል» ብለው ልከውብኛል። የመጣሁ እንደሆነ ባሌ ሞቷል ብዬ በሰው ፊት ማልቀሴ ነው። ስለዚህ መልሴ ረዘም ይላል፤ አገሬ ሰዎች፣ ታገሡኝ።

ዓባይን ዋናተኞች አሻገሩን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣለኝና ሰንብተን፣ ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት ገባን፤ መንገድ የሚሠራው የጣሊያኖች ሰፈር፣ ካምፖው፣ ሰው ይቀጥራል ሲባል ሰምተን ነው። ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ? በእኛ አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። እዚህ ባለቤቷ እሷ ናት፤ እንግዳው ሰው ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል። እንጀራው ትኩሱን ሲበሉት ይጣፍጣል፤ ሲያድር ግን እንደ እኛ ጤፍ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። እኔም ካደርሁ በኋላ እንደዚያው ነበርሁ።

ኬላው ላይ አንድ ጣሊያን ተቀምጧል፤ አጠገቡ የአገራችን ሰው አስተርጓሚ ቆሟል።

«ሥራሽ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«የቤት እመቤት ነኝ።»

«ቤታችሁ የት ነው?»

«የለንም።»

«እንግዲያው የምን እመቤት ነሽ?» አለና ለጣሊያኑ ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁ። ታከለ ሞተር አዋቂ መሆኑን ሲናገር ግን ሳቁ ቆመ። በሳምንቱ ከካምፖው እስከ ካራቆሬ ደብዳቤ የሚያመላልስበት ሞተር ሰጡት።

ቤት የተከራየነው ከእትዬ ዘይነባ ነው። ከጥንት ጀምሮ በይፋት ሲነግዱ ከኖሩ እስላሞች ወገን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግመልና ማሽላ ያላቸው ሴት። በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ጠላ ትጠምቂያለሽ?»

«አልጠምቅም፣ እትዬ።»

«ውሻ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ያ ባልሽ ይዞት የመጣው፣ በጩኸቱ ግመሎቼን ያስበረገገው ምንድነው?»

«ሞተር ነው፣ እትዬ። ብረት ነው።»

«ብረትም ይሁን። ከቤቴ ራቅ ብሎ ይታሰር።»

አገር ለቆ የመጣ ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ እኔ ግን ያለ ደወል ማደር አልለመድሁም። ቤተ ክርስቲያኑ ከበላያችን ደጋው ላይ ነው፤ በእግር ለእኔ ሩቅ ነው። ለኅዳር ጽዮን ታከለን ለመንሁት፤ ካፖ የሚሉትን ጣሊያን አለቃውን አስፈቅዶ ከኋላው አስቀመጠኝ። ነጠላዬን አጥብቄ አሰርሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ውዳሴ ማርያም ያዝሁ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። በእኛ አገር በቅሎ ወደ ገደል ስታዘነብል የተቀመጠባት ሰው ክብደቱን ወደ ተራራው ይጥላል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ጎጃም ውስጥ አያድግም። መንገዱ ሸለቆውን ዞሮ ሲታጠፍ ሞተሩ ከነታከለ ወደ ገደሉ ጋደል አለ። ዓይኔን ብገልጥ ከእግሬ በታች አየር ነው። በሙሉ ክብደቴ ወደ ተራራው ተጣልሁ። ሞተር በቅሎ አይደለም፤ የሚታጠፈው በመጋደል ነው። መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ የድንጋይ ካቡ ውስጥ ገባ።

የእኔ ትከሻ ወለቀ፤ የታከለ ጉልበት ተሰነጠቀ። ካፖው ከካምፖው ሲመጣ መንገድ ዳር ተጋድመን ነበር። ጣቱን ወደ ሞተሩ እየቀሰረ ጠየቀ። አስተርጓሚው አፍሮም ይሁን አዝኖ፣ «እንዴት ናችሁ ይላል» አለን።

ወጌሻ ትከሻዬን መለሰው፤ የታከለም ጉልበት ገጠመ። ያልገጠመው ልቡ ነው። ሞተሩ ተጠግኖ ሲመጣለት ይቀመጥበታል፣ ያስነሣዋል፣ መልሶ ያጠፋዋል። ገበያተኛው ቆሞ ያየዋል። «ሞተረኛው፣ ጭድ ላምጣለት?» ይሉታል። አንድ ቀን እግሩን ሳጥብለት፣

«ብቻዬን ስነዳ እንኳ ከኋላዬ አለሽ፣ አንጓች» አለኝ። «መታጠፊያ ስደርስ ወደ ተራራው ትጎትቺኛለሽ።»

ካፖው እስከ ገና ቀን ሰጠው። እስከዚያ ካልነዳ፣ ከበላያችን ያለውን ተራራ ከሚቦረቡሩት ጋር ድንጋይ ሊፈልጥ ይሄዳል። ከዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነበር፤ የሚመለሰውም ደም ይተፋ ነበር። ጸለይሁ፣ ተሳልሁ። ሲነጋ ግን የገባኝ ነገር ሌላ ነው፦ የምጎትተው እኔ ከሆንሁ፣ መጎተቱን መተው ያለብኝም እኔ ነኝ። ትከሻዬ ገና በጨርቅ ታስሮ ሳለ፣ «ልውጣ ከኋላህ» አልሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

እትዬ ዘይነባ ማሽላቸውን ወቅተው አንሥተው ነበር፤ አውድማው ባዶ ነው። ክብ፣ የተለቀለቀ፣ ገደል የሌለበት። ለምኜ አስፈቀድሁ። ታከለ ሞተሩን አስነሣ፣ እኔ ከኋላው ወጣሁ፤ እንደ በሬ ዞርን። እሳቸው ከጥላ ሥር ተቀምጠው የቡና ቅጠላቸውን እየጠጡ ያዩናል።

«እህሉ አልቋል እኮ» አሉን። «ምኑን ነው የምታበራዩት?»

«ልቡን ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

«እንግዲያው አላህ ምርቱን ይስጣችሁ። ገለባውን ግን ጥረጉ።»

ታከለ ከፊት ይጮኻል። «ጋደል በዪ!»

«ወደየት?»

«እኔ ወደምጋደልበት።»

«አንተ የምትጋደለው ወደ መሬት ነው እኮ።»

«አዎ፣ ወደ መሬት። ዓይንሽን ደግሞ ክፈቺ፤ ስትጨፍኚ ትከብጂኛለሽ።»

«እየጸለይሁ ነው።»

«ጸሎትሽን በልብሽ ያዢው። ዓይንሽን ለእኔ ስጪኝ።»

ሰውነት የተማረውን ቶሎ አይረሳም። መሬቱ ሲቀርበኝ ወገቤ በራሱ ይሸሻል፤ እኔ ስሸሽ ሞተሩ ይወላገዳል፤ ታከለ ያቆመዋል። እንደገና። በሰው ፊት ባሌን በሁለት እጄ ማቀፍም ሌላ ሸክም ነበር፤ የአገሬ ሴት ታውቀዋለች። ውሎ ሲያድር ጉንጬን ጀርባው ላይ ለጠፍሁ፤ እሱ ጋደል ሊል ሲያስብ ጀርባው አስቀድሞ ይነግረኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳይቆም ዞረ፣ ዞረ፣ ከአውድማው ወጥቶ የታጨደውን የማሽላ ማሳ አቋርጦ መንገዱ ላይ ወጣ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ወደዚያው ደጋ ወጣን። ሸለቆው ጋ ስንደርስ ገደሉን ዓይን ለዓይን አየሁት፤ ከታከለ ጋር ወደ እሱ ተጋደልሁ። ሞተሩ እንደ ውሃ ታጠፈ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ ዕጣኑ ልብሴ ላይ ሳለ ተመለስን። ታከለ ሲወርድ ያፏጭ ነበር። እኔ ከስደቴ ሁሉ የማልሸጠው ያን ቁልቁለት ነው።

ካፖው አየና ደስ አለው። «ብራቮ» አለ፤ ከዚያም ሩቁን መንገድ ሰጠው። ከካራቆሬ አልፎ፣ ሞተረኞች በአርበኞች ጥይት የሚወድቁበትን። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚሰጡት ለማይፈራ ነው። ጉልበቱን በጨርቅ ሳጠብቅለት፣

«ትፈራለህ?» አልሁት።

«መታጠፊያ ላይ አልፈራም» አለኝ። «አንቺ እዚህ ሆነሽ ጋደል በዪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ካምፖው ሄጄ ስጠይቅ አስተርጓሚው፣ «ካፖው ከሽፍቶች ጋር ገብቷል ይላል» አለኝ። ጠላት ሲወጣ ማጀቴ ገበያ ላይ አርበኞቹን ጠየቅሁ። ትልቃቸው፣ «እመቤቴ፣ የጣሊያን ሞተረኛ አልገደልንም፤ ከእኛም የገባ የለም» አሉኝ። ከእናንተ ዘንድ የመጣው መንገደኛ ደግሞ፣ «ከጣሊያኖቹ ጋር አገራቸው ሄዷል ተብሏል» አለኝ። አንዱም የእኔ ነው አላለውም።

ሞተሩን ቀድሞ፣ ጠላት ገና ሳይወጣ ያገኙት የእትዬ ዘይነባ ግመል ጠባቂዎች ናቸው፤ ከጀውሃ ወዲያ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር። ካምፖው ሳይሰማ እትዬ በአህያቸው አደረሱኝ። የደብዳቤው ቦርሳ የለም። ደም የለም። ሞተሩ ግን በማቆሚያ እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጥላ ተመርጦለት። ዙሪያውን ዳሰስሁት፤ ከአሮጌው ጭረት በቀር አዲስ የለበትም።

እትዬ ዘይነባ አህያዋን እንደ ያዙ፣ «የወደቀ ሰው እንዲህ አያቆምም» አሉ።

«ውረድ ያለው ሰው ቢኖርስ?» አልሁ።

«እሱንማ አላህ ያውቃል።»

ሁለቱንም ሳስብ እኖራለሁ። ሊመለስ አስቦ አቁሞት ይሆናል፤ ከፊቱ ጠመንጃ ቆሞ፣ የለመደ እጁ ሥርዓቱን ፈጽሞም ይሆናል። የደጋው ቤተ ክርስቲያን ቄስም አላስገደዱኝም፤ ሲያስቀድሱ ስሙን ከየትኛው ወገን እንደምሰጣቸው እኔኑ ይጠይቁኛል፣ እኔም ከሕያዋን እላቸዋለሁ።

የእኛን አገር ዝናብ፣ የጤፉን ሽታ፣ የእናንተን «እንዴት አደርሽ» በየቀኑ እናፍቃለሁ። መምጫዬ መንገድ እንኳ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በር ብነሣ፣ ያ ሰው በሕይወት ካለ ማንን ብሎ ይመጣል? ብቸና እንደሆነ ልታቃጥሉት የማላችሁበት ቤት ነው። ለአጎቱ ንገሩልኝ፦ የተሰናዳውን እህል ለነዳያን ይስጡት። ተዝካር ግን አታውጡለት፤ እኔ ባሌን ገና አልቀበርሁም።