በሸኮ ዝናብ የተፈተነች ሸራ

ጠዋት፣ ከሚዛን ተፈሪ

ከመሐንዲስነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለፈታኝነት ስጠራ እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬም የተነሣሁት ቴፒ ከሚገኝ አንድ የምህንድስና ትምህርት ክፍል በቀረበልኝ ጥሪ ነው። ብርቱካን የምትባል፣ በልጅነት ሕመም አንድ እግሯ ደክሞ በምርኩዝ የምትሄድ ተማሪ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋን ከዝናብ የሚከልል ሸራ ሠርታለች፤ አንድ ሰው ተቀምጦ እጀታ ሲያዞር በባለ ጥርስ መዘውርና በሰንሰለት እየተሳበ ይዘረጋል። ከፈታኞቹ አንዳንዶቹ ግን «ጓደኞቿ ሠርተውላት ይሆናል» ብለው ተጠራጠሩ። ጥርጣሬው ካልተነሣ አትመረቅም። እኔም ያላየሁትን ሥራ አላሳልፍም፣ አልጥልምም አልኩ።

ረፋድ፣ ቴፒ

ሚኒባሱ በቡናው ጥላ መካከል እየተጠማዘዘ አደረሰን። የብርቱካን መምህር ታሪኩ ቤተ ሙከራውን አስጎበኘኝ። ብርቱካንን፣ «እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«እጽፋለሁ፣ ጋሼ። ጓደኞቼ ይሠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መፍቻ ሳነሣ ‹አንቺ አትድከሚ› ብለው ይቀበሉኛል።»

«ክፉዎች ናቸው?»

«ክፉማ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።»

ከሰዓት፣ ሸኮ

መሣሪያውን ሠርቼ ተከልኩት ያለችው ሸኮ፣ በወላጆቿ ጓሮ ስለሆነ ሦስታችን በሚዛን መንገድ ወደዚያው ተመለስን። እናቷ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልን። ገና ሳንጨርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡም ወረደ። በዚህ አገር የተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚቀመጥ ሰው የለም። እናት ወደ ማድረቂያው አልጋ ሮጡ፣ መምህሩም ተከተለ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ የሸራውን ጫፍ ያዝኩ።

«ይልቀቁት!» አለች ብርቱካን፣ እጀታው ጋ ተቀምጣ ማዞር እንደ ጀመረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከያዙት መሥራቱን በምን ያውቃሉ? እማዬ፣ አንቺም!»

«ቡናውስ? የዓመት ልፋታችን እኮ ነው!»

«ይርጠብ!»

ለቀቅን። ከሁላችን በኋላ የለቀቁት እናቷ ነበሩ። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ ሸራው ተጓዘ፤ ከአልጋው እኩሌታ ላይ ግን ቆመ። ብርቱካን እጀታውን ወደ ኋላ መለሰች፤ ጎንበስ ብላም ሰንሰለቱን በአውራ ጣቷ ወደ ቦታው ገፋችው።

«ይህ ጥርስ ላይ ነው የሚያፈተልከው። የሞረድኩት እኔ ነኝ፤ አመሉን አውቀዋለሁ።»

ሸራው እስከ ዳር ደረሰ። የጫፉ ቡና ረጥቦ ነበርና እናቷ ለብቻው ለዩት። ከዚያም ልጃቸውን፣ «እስቲ ተነሽልኝ» ብለው በቦታዋ ተቀመጡ፤ እጀታውን ወዲያና ወዲህ አዞሩት። «እኔስ ምን ያስሮጠኛል ከእንግዲህ?»

ማታ፣ ሚዛን ተፈሪ

ቤቴ ገብቼ ውጤቱን ጻፍኩ። ሥራው የራሷ ነው፤ አልፋለች፤ አንዱ ጥርስ እንደገና ይሞረድ። በቤተ ሙከራም መፍቻው ከእጇ አይወሰድ። ለካስ የሰውን ችሎታ የሚሸፍነው ንቀት ብቻ አይደለም፤ የቸኮለ ርኅራኄም ይሸፍነዋል። ይህን ግን ለሌሎች ምክር አድርጌ ብቻ ብተወው ሐሰት ይሆን ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ይህን አስቀደምኩ፦ «የመጀመሪያው ሙከራ ሸራውን በያዘው በፈታኙ እጅ ተበላሽቷል፤ ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም።»