የወንደላጤው አሻንጉሊቶች

በደርግ ጊዜ ናዝሬት፣ የቀበሌ ቤት ተከራይቼ የምኖር ወንደላጤ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ወለንጪቲ ገበያ ላይ በልጅነቴ የነዳኋትን የምትመስል የቆርኪ ጎማ ያላት የሽቦ መኪና አገኘሁና ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! የጨርቅ ኳሱን፣ ብዩን፣ ባለ አንድ ዓይን አሻንጉሊቱን እየለቃቀምኩ መደርደሪያዬን ሞላሁት።

ጎረቤቴ እማማ ዘነበች አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እናትህ ያውቃሉ?» አሉኝ።

የአርባ ዓመት ሰው መጫወቻ መሰብሰቡን እናቱ ትስማ?

«እባክዎ እማማ፣ እንዳትሰማ» አልኳቸው።

በሳምንቱ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የዕድር ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡና ተቀመጡ። በማለዳ እንዲህ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። አርሲ ነገሌ ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝና ጩኸቴን ለቀቅኩት።

«ጀባዱ! በርታ ልጄ» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ የሽቦ መኪናዋን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እያለቀሱ። እናቴን ከሽቦ መኪና ምን አገናኛት? ግራ ቢገባኝም ለቅሶዬን አላቆምኩም።

«እግዜር ሌላ ይሰጥሃል» አሉ እማማ።

ሌላ እናት?

ይሄኔ በሩ ተበረገደ። እናቴ! በሕይወት ያለችው እናቴ ደረቷን እየደቃች ገባች። በደስታ ላቅፋት ስነሳ በጥፊ አጮለችኝ።

«የልጅ ልጄን ሳታሳየኝ ቀበርከው?»