የጋቢናው በር

የተቆረጠ ብረት ሽታ ሲመጣብኝ ሻይ መቅዳት አልችልም። ሳቅ እንግዲህ! ከጎኔ በርና መስኮት የሚሠሩት ልጆች ብረት መቁረጫቸውን ሲያስነሱ፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ምላስ ላይ ሄዶ የሚቀመጥ ሽታ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ይገባል። እኔም ማንቆርቆሪያዬን አስቀምጬ እፈዛለሁ። ደንበኞቼ ለምደውኛል፤ «ደግሞ ሄደች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እሄዳለሁ። ሩቅ አይደለም ታዲያ፣ እዚሁ አሶሳ፣ እናቴ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነው የምሄደው።

ማንጎው ሥር አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ነበረችን። አባቴ ከጨረታ ገዝቶ በቆሎና ማንጎ ሲያመላልስባት ኖሮ፣ እሱ ሲሞት እዚያው ቆመች። የአሶሳን ክረምት ታውቀው የለ? ጀመረ ነው እንጂ አቆመ አይባልም። ማንጎው ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ ጭቃው ከሥር ሌት ተቀን ይተነፍሳል። ላይዋን ላያት ደህና ነበረች። ወንድሜ አንድ ቀን ከሥሯ ገብቶ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጋት ግን ብረቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር። ዝገት የጨረሰው ሻንሲዋን ነበር፤ ያ ከሥር ተዘርግቶ የመኪናውን ሸክም ሁሉ የሚችለውን ረጅም ብረት።

ወንድሜ ያኔ ጉባ፣ ግድቡ ላይ በያጅ ነው። ሌላው ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ የኛው ደግሞ መኪና ሥር ገብቶ ይተኛል። ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ የተጠባበሰ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ፣ አንድ ነገር ከያዘ ዓለም ቢገለበጥ የማይለቅ ግትር ነበር። እኔም ትምህርት ጨርሼ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ፣ ምላሴ እንደ ዛሬው የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። እንጣላ ነበር በለኝ።

ለዚያች ቆርቆሮ ምን አንገበገበው ብትል፣ ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ ከወሎ በሰፈራ ጊዜ የመጣች ናት። ገና ሙሽራ ሳለች ከሰዉ፣ ከጆንያው፣ ከድስቱ ጋር ጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። እንደ እናት ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ፣ መኪናው ሲነሳ ከኋላ እየሮጠች ስትከተል አቧራው ሸፈናት። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ስልክ እኛም ጋ እነሱም ጋ ሲገባ በስልክ ይላቀሱ ጀመር። አንድ ማታ እራት ላይ ሆነን አክስቴ ደወለች፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው የኔ እህት» አለች። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልየው።»

እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቀረች። ወንድሜ እጁን ሳይታጠብ ተነሳና በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማንጎው ተመለከተ። «ስትመጣ ከኋላ ተጭና ነው የመጣችው» አለ። «ስትሄድ በጋቢና ነው የምትሄደው።»

እኔ በአውቶቡስ ትሂድ ብዬ ነበር። ጉልበቷን እንደሚያማት፣ መኪና እንደሚያዞራት አጥቼው አይደለም፤ እዚያ ያሉት ዓይኖች ግን ሻንሲ እስኪበየድ አይጠብቁም ብዬ ነው። ወንድሜ ሊሰማኝ ነው? እናቴ ራሷ ከሱ ጋር አበረች። ልጄ በገዛ መኪናው፣ በጋቢና ይወስደኛል እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለእህቷም በስልክ ታወራ ነበር። እንዲህ ፊቷ በርቶ አይቻት ስለማላውቅ እኔም አፌን ዘግቼ የሽቦ ብሩሽ አነሳሁ።

የአባቴ ወዳጅ የነበረ አንድ የቤርታ ነጋዴ ጎረቤት ነበረን። ልብሱ ነጭ ነው ሳይል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከሥሯ ካየ በኋላ ለእናቴ፣ «እናት፣ ይሄ መኪና አልሞተም። እግሩ ብቻ በሰበሰ። እህት ጋ ትሄዳለህ፣ ኢንሻአላህ» አላት። እናቴን ሁሌም «አንተ» እንዳላት ነው፤ እሷም ደስ ብሏት «አሚን» ትለዋለች። ጄኔሬተሩን ያዋሰን እሱ ነው። ወንድሜ ጉባ ላይ ያን የሚያህል የመብራት ግድብ ሲበይድ ከርሞ ቤቱ ሲመጣ መብራት የለም፤ ስቄ ልሞት!

ሥራው እንዲህ ነበር። መኪናዋን በክሪክ አንስተን ግንድና ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ሻንሲው ከመቆረጡ በፊት በሮቹ የሚገጥሙበት ክፍት ላይ አንድ አንድ ፌሮ አግድም ይበየዳል። ያ ካልተደረገ ከሥር ያለው ሲቆረጥ የላይኛው ይወርድና በሩ ዳግመኛ አይዘጋም አለኝ። ከዚያ የበሰበሰውን በቁራጭ በቁራጭ እያወጣ፣ ወፍራም ብረት በልኩ እየቆረጠ ይተካል። እኔ ዝገት እፍቃለሁ። ቀዩ ዱቄት ፀጉሬ ውስጥ፣ አፍንጫዬ ውስጥ፣ ሽሮዬም ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ፈቃዱ ሲያልቅ መኪናዋን በላስቲክ ሸፍነን እንሸኘዋለን፤ በሚቀጥለው ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

እናቴ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ ትመጣና የተበየደው እስኪበርድ ጠብቃ መዳፏን ታሳርፍበታለች። ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ «ይጠንክር እያልኩት ነዋ!» አለችኝ። አቤት፣ ያ መዳፏ! ዛሬም ያ ብረት ላይ እንዳለ ይታየኛል።

ሻንሲው አልቆ ሞተሯ የተነሳ ዕለት ሠፈሩ በሙሉ ግቢያችን ነበር። ወንድሜ ፌሮዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠ። የእናቴ በር፣ የጋቢናው ጋ ሲደርስ ግን መቁረጫውን አጠፋ።

«ይሄኛው በመሄጃሽ ቀን ነው የሚቆረጠው» አላት። «እስከዚያ ማንም አይቀመጥበትም።»

«እኔንስ አጠርከኝ አይደል?» አለች እየሳቀች።

«አብሽሪ እማ። ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱ እስኪወጣ መንገዱ አያስኬድም ነበርና ወደ ጉባ ተመለሰ። እሷ ለእህቷ ማር አስቀመጠች። ለመንገድ አረንጓዴ ሻርፕ ገዛችና በአደስ አጠነችው፤ አደስ የእሷ ሽታ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ዝናቡ ጋብ ሲል በሾፌሩ በር ገብታ፣ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ተንፏቅቃ ጋቢናው ላይ ትቀመጥ ነበር። ሻርፗን ተከናንባ በመስተዋቱ ማንጎውን እያየች ትቆያለች። «የት ደረስሽ?» እላታለሁ በመስኮት። «ደሴን አልፌያለሁ» ትለኛለች።

ነሐሴ ላይ ወባ ያዛት። ወባ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ መድኃኒት ይዋጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ማናችንም አልደነገጥንም። የዚያን ጊዜው ግን ይዟት ሄደ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ልበልህ።

ወንድሜ በዝናብ በስብሶ ደረሰ። ሰማዩ ተቀዶ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ነበር፣ መቃብሩም ሩቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ጀናዛዋን መኪናዋ ላይ፣ ከኋላ አድርገን እንውሰዳት አሉ። ምን አጠፉ? መኪና ቆሞ በዚያ ጭቃ ማን በትከሻ ይሸከማል? ወንድሜ ሄዶ ከመኪናዋ ኋላ ቆመ።

«እናቴ ከኋላ አትጫንም» አለ።

አልጮኸም። የቤርታው ጎረቤታችን ጫማውን አውልቆ የቃሬዛውን ፊት ትከሻው ላይ አነሳ፤ ሌሎቹም ገቡ። ሴቶች ቀብር አንወጣምና እኔ አጥሩ ላይ ቀረሁ። ጭቃው እየያዛቸው፣ እየተቀያየሩ፣ ከፍ አድርገው ይዘዋት ሲሄዱ እስኪሰወሩኝ አየኋቸው።

አክስቴ ትደውል ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኔ እያነሳሁ ወጣ ብላለች፣ ጎረቤት ሄዳለች እላለሁ። «እስቲ ስትመጣ ደውይ በያት» ትለኛለች። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ሄጄ እያለቀስኩ ብዙ ሰነበትኩ።

መንገዱ ሲደርቅ ወንድሜ መጣና ያን የመጨረሻ ፌሮ ቆረጠ። እንደዚያን ዕለት የብረት ሽታ ከፍቶብኝ አያውቅም። ቆርጦ ሲጨርስ የእናቴን በር ከፈተ፣ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ፣ ዘጋ። ገጠመ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። ሻርፗን ጋቢናው ወንበር ላይ ዘርግቼ፣ ማሩን ከሥሩ አስቀምጬ፣ እኔ ከኋላ ወጣሁ። ከፊት ነይ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ወሎ ስንገባ ከሀገሬው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን ነበር። እኛ ማታውን ጎረቤት እናድራለን፤ ሲነጋ፣ በወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ ሊነግሯት ነው። አክስቴ ግን የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ቀድማን ከቤት ወጣች። ዓይኗ ጨልሟል። ግድግዳውን፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ የመኪናዋን ጎን በእጇ እየዳበሰች መጣችና የጋቢናውን በር እጀታ አገኘች። ወንድሜ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

በሩን ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ወንበሩን ዳበሰች፣ መደገፊያውን ዳበሰች፣ ሻርፑ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንስታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። እንባዋ በሻርፑ ላይ ሲወርድ ነው ማወቋን ያወቅነው።

«በጋቢና ነው የመጣችው?» አለች።

ከኋላ ወርጄ ክንዷን ያዝኩ። «አዎ እትዬ» አልኳት። «በጋቢና ነው የመጣችው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሻርፑን ተከናነበች፣ ክንዴን ተደግፋ ወጣችና እህቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ዞሮ መጥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት።