ጥፍር የምታህል ዳቦ

በር ላይ ጎንበስ ካላለች የማታልፍ ረጅም ሴት ናት፤ ሰፈሩ ግን «ሚጢጢ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። እንደ ሊጥ የሚታሽ የፕላስቲክ ጭቃ ለውሳ፣ በመርፌና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየነካካች፣ ከጥፍር የማይበልጥ ብርቱካን፣ ዓሣና ዳቦ ትሠራለች። ምድጃ ገብቶ ሲጠነክር ለአሻንጉሊት ነጋዴ ታስረክበዋለች።

እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። አሁን አልጋ ይዛለች፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራው እህል እምቢ ማለቷ ነው። ሐኪሙም «ካልበሉ መድኃኒቱ ብቻውን አያነሳቸውም» ብሏል።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ።»

«ይህን ተራራ ማን ይጨርሰዋል?» ትላለች እናት ሳህኑን አይታ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ደጅ ላይ ቆማ፣ «እናትሽ እየተራቡ አንቺ ጭቃ ትጋግሪያለሽ!» አለቻት። ቀልድ ነበር፤ ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

የሥራ ጠረጴዛዋ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ነው። አንድ ከሰዓት የዳቦዎቹን ቅርፊት በቡናማ ጠመኔ ዱቄት ስታቀላ ቆይታ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ እናቷ አንዷን ዳቦ አፏ ውስጥ ከታ ታላምጣለች።

«ትፊው! እማዬ፣ ጭቃ ነው!» ጣቷን ሰዳ አወጣችው።

«ደግሞ ከአፌ ትነጥቂኛለሽ?» አኮረፈች እናት።

ሚጢጢ በዳቦው ላይ ያረፈውን የጥርስ ምልክት አየችው። ለካ እናቷን ያስጠላት እህሉ አልነበረም፤ ብዛቱ ነው።

ወደ ማድቤት ገብታ እውነተኛ ዱቄት በወተት አቦካች። እጇ የለመደውን ያህል ቆንጥራ፣ በመርፌ ጫር ጫር አድርጋ ጋገረች። አንዷን በማንኪያ አቀረበችላት።

እናት ዳቦዋን በሁለት ጣቶቿ አነሳች። ገልብጣ ታችዋን አየች። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገቻት፤ ዱሮ ከምድጃ የወጣ ዳቦ መብሰሉን የምትለየው እንዲሁ ነበር። ከዚያ ጎረሰች። ጉሮሮዋ ወጣ፣ ወረደ፤ ዋጠችው።

«ጨው የለውም» አለች እናት።

እውነቷን ነው። ስንት ዘመን ጭቃ ስትጋግር፣ ሚጢጢ ለዳቦ ጨው ጨምራ አታውቅም።

«እንዲህ ያለውን ለአሻንጉሊት ስጪ። ሂጂ፣ እንደገና አቡኪ! አደራ፣ እንዳታሳርሪው።»

«እሺ፣ እማዬ።»

ስትጣደፍ ማጎንበሷን ረሳች፤ ግንባሯን በሩ መታት። ማልቀሻ ምክንያት አገኘች።