ከመዝሙሩ በኋላ የቀረው ክር

የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ክብሩ ሲሞት፣ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ባለችው የጥገና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የአንድ ደንበኛ ራዲዮ ክዳኑ ተከፍቶ ነበር። ብሎኖቹ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ናቸው። እስካሁን አልገጠምኳቸውም፤ አልችልበትም።

ለቅሶ ላይ «ክብሩ ከልጅነቱ ዘፈን አይወድም ነበር» ያሉ አሉ። ስህተት ነው። በወጣትነቱ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ዘፈኖች እንደ እሱ ያጠራቀመ ሰው ሐዋሳ ውስጥ አላውቅም። እንግሊዝኛ ስለማይችል ዘፈኖቹን ራሱ ባወጣላቸው ስም ይጠራቸው ነበር፦ «ባለጥሩምባው»፣ «እንባ የተናነቃት»፣ «ለማኙ»። ለማኙ አንድ ሰውዬ ድምፁ እስኪሰነጠቅ የሚማጸንበት ዝግ ያለ ዘፈን ነው። ባህል አዳራሽ ሰፈር ጭፈራ ሲኖር ቴፕ ይዞ የሚጠራው ክብሩ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሶፍያ «ክብሩ፣ ለማኙን ድገመው!» ትለዋለች፤ ያጠነጥንላታል። ቴፕ የሚያጫውት ሰው አይደንስም። ሶፍያ ከሌላ ሰው ጋር ደነሰች፤ እሱንም አገባች።

ክብሩ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ለምእመናኑ በዘፈን ካሴቶቻቸው ላይ መዝሙር ይቀዳላቸው ጀመር። ለሶፍያም ቀዳላት። መዝሙሩ ግን ከክሩ ያጥራል፤ ስለዚህ በየካሴቱ መጨረሻ ቁራጭ ዘፈን ይቀራል። ሲጠይቁት «መዝሙሩ አለቀ፤ ክሩ አላለቀም» ይል ነበር። ለብዙ ዓመት ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በአንድ ለቅሶ ቤት ከእነዚህ ካሴቶች አንዱ ተከፈተ። መዝሙሩ አለቀና ለማኙ በጥሩምባ ታጅቦ መለመን ጀመረ። ሐዘንተኛው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። አንድ አባት «አሜን» አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የልጅ ልጃቸው ወንጌላዊት ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሚስቱን ተመለሺ እያላት ነው።»

«ሄዳበት ነው?»

«አዎ፣ ሄዳበት።»

«ታዲያ ጥሩምባው ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ ማቴዎስ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁና ክብሩን ጠሩት። ውሳኔው አጭር ነበር፦ በየካሴቱ የቀረውን ካላጠፋ የቤተ ክርስቲያኑን የድምፅ ክፍል ቁልፍ ያስረክባል። ክብሩ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ያ ክፍል ነበረው። ከቤት ቤት እየዞረ ካሴቶቹን ሰብስቦ አጠፋ። አብዛኛው ሰው ማጫወቻ እንኳ አልነበረውም። በመጨረሻ የሶፍያ ካሴት ቀረ።

ሶፍያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ካሴቱን ስታመጣ «አጥፋው ካሉህ አጥፋው። እኔ ግን ለማኙን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችው።

«እትዬ ሶፍያ፣ ስልክ ላይ እኮ ታገኚዋለሽ» አልኳት።

«ስልክ ላይ ያለው ጤነኛ ነው፤ የእኔው ያቃስታል» አለችኝ።

ካሴቱን ከክብሩ ጋር አዳመጥኩት። በሌሎቹ ላይ የቀረው ቁራጭ ነበር። በእሷ ላይ መዝሙሩ ያልቃል፤ ጥቂት ጸጥታ አለ፤ ከዚያ ለማኙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይለምናል። ይህ የክር ትርፍ አይደለም። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ብየዳውን ቀጠለ።

ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ነይ፣ አብረን እንውጣ» አለኝ። መጀመሪያ ጋሽ ማቴዎስ ቤት ሄደን ቁልፉን ሰጣቸው።

«አንድ ካሴት አላጠፋሁም» አላቸው።

«አንድ ከሆነማ አጥፋውና ና!»

«አይ ጋሼ። አላጠፋውም።»

ጋሽ ማቴዎስ ቁልፉን አገላበጡት። «ያ በር እኮ ለአንተ ካልሆነ አይከፈትም» አሉ።

«ወደ ላይ ብድግ አድርገው ይግፉት።»

ከዚያ ባትሪ ገዝተን ሶፍያ ቤት ሄድን። ክብሩ በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በካቻቢቴ ሰበራት። ያቺ ፕላስቲክ ከተሰበረች በኋላ ካሴቱ ላይ ማንም ሌላ ነገር ሊቀዳ አይችልም። የቴፑን ባትሪ ቀየረ፤ ካሴቱን ከተተ፤ መዝሙሩ እስከሚያልቅበት አጠነጠነላት።

«ዛሬ እንኳ ቁጭ አትልም?» አለችው።

«የሰው ራዲዮ ከፍቼ ነው የመጣሁት» አለና የቴፑን ክዳን ዘጋ።